ይድነቃቸው ተሰማ፦ የሜዳውን ሕግ ለአፍሪካ ያስከበሩ ኳስ ተጫዋች

ሰቆጣ፦ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. የደብረ ታቦር በዓል የሚከበርበት የቡሄ ዕለት ነበር። በዋግ ኽምራ ደጋማ መንደሮች በዚህ ዕለት እረኞች ጅራፍ ያጮኻሉ፤ እናቶች ሙልሙል ይጋግራሉ፤ ልጃገረዶችም ሦስት ቀን ብቻ ለቀረው ሻደይ ይሰናዳሉ። በዚያ ዓመት፣ በዚያው ዕለት በአዲስ አበባ አንድ ታላቅ ኢትዮጵያዊ ዐረፉ። እኒህ ሰው ኳስ ተጫዋች፣ አሠልጣኝ፣ ኋላም ለ15 ዓመታት የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

ዛሬ ከሰቆጣ እስከ አምደወርቅ ያሉ ወጣቶች የአውሮፓን አሠልጣኞች ስም ከነታሪካቸው ያውቃሉ። ማን የትኛውን ክለብ እንደያዘ፣ ማን ስንት ዋንጫ እንዳነሣ በቃላቸው ይዘረዝራሉ። ኢትዮጵያን የአፍሪካ ሻምፒዮን ያደረጉትን፣ አፍሪካም በዓለም ዋንጫ የራሷ ቦታ እንዲኖራት የተሟገቱትን ሰው የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። የእኒህ ሰው ሕይወት የኳስ ብቻ ታሪክ አይደለም። ድርሻው የተጓደለበት ሰው ያለ ጠመንጃ ድርሻውን እንዴት እንደሚያስመልስ የሚያስተምር ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሰፈሩት ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ማሳሰብ ይገባል።

የእንቁጣጣሽ ልጅ

ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ነው። አዲስ ዓመት በባተበት ዕለት ተወልደው፣ ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በቡሄ ዕለት ዐረፉ። ስድሳ ስድስተኛ የልደት በዓላቸውን ለማክበር ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ቀርቷቸው ነበር።

አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዘመናቸው እጅግ የታወቁ ባለ ቅኔና የዜማ ሰው ነበሩ። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልከው ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። በዚህም የተነሣ የኢትዮጵያ የሸክላ ዘፈን ታሪክ ሲወሳ ስማቸው በቀዳሚነት ይነሣል። ከልጅ ኢያሱ ጋር የነበራቸው ቅርበትም ይታወቃል። በቤታቸው ቅኔ፣ ጨዋታና የሰላ አነጋገር የዕለት እንጀራ ያህል የተለመደ ነበር። ልጃቸው ከዘመናት በኋላ በታላላቅ ዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ላይ ቆመው ሲከራከሩ የታየው የአንደበት ብርታት ከዚህ ቤት የተወረሰ ነው ቢባል የሚያስገርም አይሆንም።

ልጅ ይድነቃቸው ያደጉት በአዲስ አበባ ነው። በዚያን ጊዜ እግር ኳስ ለከተማዋ እንግዳ ነገር ነበር። በውጭ አገር ሰዎች መጥቶ በየትምህርት ቤቱና በየሰፈሩ ገና መለመዱ ነበር። ለአብዛኛው ሕዝብ የሜዳ ጨዋታ ማለት ገና፣ ጉግስ፣ ትግልና ሩጫ ነበር። ከነዚህ ሁሉ ገና ለኋለኛው ታሪክ የቀረበ ነው። በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው ተሸነፍሁ ብሎ እንዳይቆጣ የቆየ ደንብ አለ። ሜዳ ላይ የሚዳኘው ጥሩሩ እንጂ የጌትነት ማዕረግ አይደለም። ይድነቃቸው ዕድሜ ልካቸውን በዓለም አደባባይ የተሟገቱለት ሐሳብም ከዚህ የአያቶች ደንብ ብዙ የራቀ አልነበረም።

ጊዮርጊስና የወረራው ዘመን

የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ኢትዮጵያን በወረረበት በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አራዳ አካባቢ አንድ የኳስ ቡድን ተቋቋመ። አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የመሠረቱት ይህ ቡድን በአራዳው ደብር ስም ቅዱስ ጊዮርጊስ ተባለ። ይድነቃቸው በዚያን ጊዜ ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ብዙም ሳይቆዩ የቡድኑ ተጫዋች ሆኑ፤ ከዚያ በኋላም ሌላ ክለብ አላማራቸውም። 23 ዓመታት ያህል በአንድ ክለብ መለያ መጫወት ማለት ከጉርምስና እስከ ጎልማሳነት ያለውን ዕድሜ በሙሉ ለአንድ ስም መስጠት ማለት ነው።

ወራሪው መንግሥት አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ሰውን በቆዳ ቀለም የሚለይ ሕግ አወጣ። ሰፈሩ፣ ገበያውና መኪናው ተለየ፤ ኳሱም አልቀረለትም። ኢትዮጵያውያን ከኢጣሊያውያን ጋር እንዳይጫወቱ ተከለከለ። ለአገሬው ሰው ለብቻው የሚካሄድ ውድድር ተበጀ። ቡድኖቹም የኢጣሊያ ስም እንዲሸከሙ ተደረገ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ስሙን ተነጥቆ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ።

ያ ዘመን ለዋግ ሰው የተረሳ አይደለም። በ1930 ዓ.ም. መባቻ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በዋግ ምድር ከወራሪው ጋር ሲዋጉ ተሰውተዋል። የተቆረጠው አንገታቸውም ለሕዝብ ማስፈራሪያ እንዲሆን ተሰቅሏል። በአርበኞች መሥዋዕትነትና በአንድ የኳስ ሜዳ መካከል ሰፊ ልዩነት አለ፤ ሁለቱን ማመሳሰልም አይገባም። ሆኖም በተነጠቀ ስም ኳስ ሲያባርሩ የነበሩት የአራዳ ልጆች ዘር ቆጥሮ የሚለይ አገዛዝ ምን እንደሚመስል በለጋ ዕድሜያቸው አይተዋል። ይድነቃቸው ከ20 ዓመታት በኋላ የደቡብ አፍሪካን የዘር መድልዎ ሲያወግዙ የሚናገሩት ከመጽሐፍ ያነበቡትን አልነበረም፤ በራሳቸው ላይ የደረሰውን ነው።

ሕጉ በአማርኛ

በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን መለሰ። በከተማዋ የነበሩት ሌሎች ቡድኖች አብዛኞቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ። ፎርቲቱዶ የኢጣሊያውያን፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ አራራት የአርመኖች፣ ቢኤምኤምኢ ደግሞ የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልእኮ ቡድን ነበር። በ1936 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያ ሻምፒዮና ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ኢትዮጵያዊው ቡድን በገዛ አገሩ ከእንግዶች መካከል እንደ አንዱ ሆኖ ይሰለፍ ነበር። ጊዮርጊስ በተጫወተ ቁጥር ሜዳው የሚሞላው፣ ደጋፊውም እንደ ጦር ሜዳ ድል የሚደሰተው በዚህ ምክንያት ነበር። የአጥቂው ይድነቃቸው ዝናም የተተከለው በዚያ ሜዳ ላይ ነው።

ይድነቃቸው ግን ግብ በማግባት ብቻ አልተወሰኑም። ጨዋታው በአገሩ ሥር እንዲሰድ ከተፈለገ ዳኛው፣ ተጫዋቹና ተመልካቹ ሕጉን በሚገባው ቋንቋ ማወቅ እንዳለበት ቀድመው ተረዱ። የእግር ኳስን ሕግ ወደ አማርኛ መለሱ። ፌዴሬሽን እንዲቋቋም፣ ውድድር በሥርዓት እንዲመራ ከደከሙት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ሆኑ። ቀን በቢሮ ደብዳቤ የሚጽፉት ሰው ከሰዓት በኋላ መለያ ለብሰው ሜዳ ይገቡ ነበር።

ይህ ሥራ ከውጭ ሲታይ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ሕጉን የማያውቅ ሰው ሲበደል መበደሉን እንኳ አያውቅም። የመሬት ይዞታ ደብተሩን አንብቦ ድንበሩን የሚያውቅ አርሶ አደር በክርክር ጊዜ እንደማይደናገር ሁሉ፣ ሕጉን በቋንቋው ያነበበ ተጫዋችም በዳኛ ፊት አንገቱን አይደፋም። የይድነቃቸው የኋላ ዘመን ትግል ሁሉ መነሻው ይህ ነው። መጀመሪያ ሕጉን ዐወቁ፤ ቀጥለው ለወገናቸው አሳወቁ፤ በመጨረሻም ሕጉን ያወጡትን ሰዎች በራሳቸው ሕግ ሞገቱ።

የካርቱም ጉባኤ

በ1949 ዓ.ም. ከአፍሪካ አገሮች አብዛኞቹ ገና በቅኝ ግዛት ሥር ነበሩ። በዚያ ዓመት የካቲት 1 ቀን የአራት አገሮች ተወካዮች በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ተገናኝተው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ። አገሮቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ኢትዮጵያን ወክለው ከተገኙት አንዱ ይድነቃቸው ናቸው።

የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም በዚያው በካርቱም ተሰናዳ። በዕጣው መሠረት ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜ የምትጋጠመው ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነበር። ይሁንና የደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽን ነጮችና ጥቁሮች የተቀላቀሉበት ቡድን አልልክም አለ። የሚልከው ወይ ሙሉ በሙሉ ነጭ፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ጥቁር የሆነ ቡድን ነበር። መሥራቾቹ ይህን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ቀረች። አንድ ማኅበር በተመሠረተ በሳምንቱ ከአራት አባላቱ አንዱን ለመርሕ ሲል ማስቀረቱ ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። የካቲት 9 ቀን በተደረገው ጨዋታ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈቻት። አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው ዲባ የተባለው ግብፃዊ አጥቂ ነበር። ሽንፈቱ መራራ ቢሆንም የኢትዮጵያ እግር ኳስ ምን እንደሚጎድለው በግልጽ አሳየ። በቀጣዩ ዓመት ይድነቃቸው የተጫዋችነት ዘመናቸውን ዘግተው ፊታቸውን ሙሉ በሙሉ ወደ ማሠልጠንና ወደ መምራት አዞሩ።

ጥር 13 ቀን 1954

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወሰነ። የተካፈሉት ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ዩጋንዳና በዚያን ጊዜ የተባበረው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ናቸው። ብሔራዊ ቡድኑን ይድነቃቸው ከዩጎዝላቪያዊው አሠልጣኝ ከስላቭኮ ሚሎሼቪች ጋር ሆነው መሩት።

የቡድኑ አባላት የመጡት ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ማዕዘን ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከድሬዳዋና በወቅቱ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሕዳ ከነበረችው ከኤርትራ የተውጣጡ ነበሩ። ከፊት የቅዱስ ጊዮርጊሱ ወጣት መንግሥቱ ወርቁ ነበር። ግርማ ተክሌም ነበር። አምበሉ ደግሞ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሲሆን ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ተሰልፏል። ሁለቱ ወንድማማቾች ከኤርትራዊት እናትና ከኢጣሊያዊ አባት የተወለዱ ናቸው።

ወረራው ካበቃ ገና 21 ዓመቱ ነበር፤ ቁስሉም አልጠገገም። እናም በእግር ኳስ ወዳጆች ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አንድ ትረካ አለ። ከባለሥልጣናቱ አንዳንዶቹ የኢጣሊያ ስም ያለው ሰው የኢትዮጵያ አምበል ሆኖ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት መቆሙ አልዋጥላቸው አለ። አምበልነቱ ለሌላ ተጫዋች እንዲሰጥ ፈለጉ። ይድነቃቸው ግን ይህ ከሆነ ሥራዬን እለቃለሁ ብለው እንቢ አሉ ይባላል። በራሳቸው ላይ የደረሰውን የዘር መድልዎ ያዩ ሰው በበዳዮቹ ስም ሌላውን መበደል አልፈለጉም። የሆነ ሆኖ አምበሉ ሉቺያኖ ሆኖ ቀረ።

ጥር 6 ቀን ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች። የፍጻሜው ጨዋታ የተደረገው ጥር 13 ቀን፣ ጥምቀት በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ እሑድ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በአዲስ አበባ ስታዲየም ተጋጣሚ ሆና የመጣችው ከአምስት ዓመት በፊት 4 ለ 0 ያሸነፈችው ያችው ግብፅ ናት።

በ35ኛው ደቂቃ ባደዊ ለግብፅ አስቆጠረ። ኢትዮጵያ የአቻነት ግብ እስክታገኝ ድረስ ከ40 ደቂቃ በላይ የሚመስል ረጅም ጭንቀት ሆነ። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አገባ። ደስታው ሳያልቅ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ባደዊ እንደገና አስቆጠረ። ብዙ ቡድን በዚህ ጊዜ ይፈርሳል። የይድነቃቸው ቡድን ግን አልፈረሰም። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቺያኖ 2 ለ 2 አደረገ፤ መደበኛው ሰዓትም በዚሁ አበቃ። በተጨማሪው ሰዓት፣ በ101ኛው ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን አስቆጠረ። ሦስት ደቂቃ ሲቀር ደግሞ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨምሮ ነገሩን ቋጨው። ኢትዮጵያ 4፣ ግብፅ 2።

ንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫውን ለሉቺያኖ ቫሳሎ አስረከቡ። አምበልነቱ ይነጠቅ የተባለለት ሰው የአገሪቱን የመጀመሪያ ታላቅ ዋንጫ ከፍ አድርጎ ያዘ። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ያገኘችው የአፍሪካ ዋንጫ ይኸው አንዱ ብቻ ነው። መንግሥቱ ወርቁም ኋላ በተራው የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ሆኖ መምህሩ የሄዱበትን መንገድ ተከትሏል።

የድርሻ ሙግት

ከድሉ በኋላ የይድነቃቸው ሜዳ ሰፋ። የኮንፌዴሬሽኑ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ሙግታቸውም ከዓለም እግር ኳስ ማኅበር ከፊፋ ጋር ሆነ።

ለ1958ቱ የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ 16 ቦታዎች ነበሩ። ከነዚህ 10ሩን አውሮፓ፣ 4ቱን ደቡብ አሜሪካ፣ 1ዱን ሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ ወሰዱ። ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በአንድነት የተተወው 1 ቦታ ብቻ ነበር። አፍሪካ በመላ ተወዳድራ አሸናፊዋን ብትለይ እንኳ ያ አሸናፊ እንደገና ከሌላ አህጉር አሸናፊ ጋር መጋጠም ነበረበት።

በመስኖ የሚያለማ አርሶ አደር ይህን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያሻውም። ከአንድ ወንዝ በተጠለፈ ቦይ የሚጠቀሙ ጎጦች አሉ እንበል። የውሃ አባቱ ለላይኛው ጎጥ 10 ቀን ሰጥቶ ለታችኞቹ ሦስት ጎጦች አንዲት ቀን ቢተው፣ የታችኞቹ ማሳ ደርቆ ሳለ ሰነፎች ናችሁ ቢባሉ ፍርዱ ፍርድ አይሆንም። የታችኞቹ ምርጫ ሁለት ነው። ወይ በአንዲቷ ቀን እርስ በርስ መጣላት፣ ወይ በአንድነት ተነሥተው ተራው እስኪስተካከል በዚህ ደንብ አንገዛም ማለት።

አፍሪካ ሁለተኛውን መረጠች። በጋናዊው ኦሄኔ ጃንና በይድነቃቸው ግንባር ቀደምነት 15 የአፍሪካ ቡድኖች ከማጣሪያው ወጡ። በ1958ቱ ዋንጫ አንድም የአፍሪካ አገር አልተሳተፈም። በዘመኑ የነበሩ ድንቅ ተጫዋቾች ዳግም የማይመጣውን ዕድላቸውን አጡ፤ ከነዚህም መካከል የኢትዮጵያ ልጆች ነበሩበት። መሥዋዕትነቱ እውነተኛ ነበር።

ውጤቱ ግን ዘግይቶ አልመጣም። ፊፋ ለ1962ቱ የሜክሲኮ ዋንጫ ለአፍሪካ አንድ ቀጥተኛ ቦታ ሰጠ፤ ሞሮኮም ተጓዘች። በ1964 ዓ.ም. ይድነቃቸው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በ1970 ዓ.ም. ቱኒዚያ ሜክሲኮን 3 ለ 1 ረትታ በዓለም ዋንጫ ጨዋታ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ሆነች። በ1974 ዓ.ም. የአፍሪካ ቦታ ሁለት ሆነ። አልጄሪያም ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸንፋ ዓለምን አስደነቀች። በ1978 ዓ.ም. ሞሮኮ ምድቧን በአንደኝነት ጨርሳ ወደ ቀጣዩ ዙር አለፈች። ይህን ሁሉ ይድነቃቸው በሕይወት ሳሉ አይተዋል። ዛሬ 48 አገሮች እንዲሳተፉበት በተደረገው የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ የተመደበው ቀጥተኛ ቦታ 9 ደርሷል።

ዘር የማይቆጥር ሜዳ

ሌላው የዕድሜ ልክ ሙግታቸው የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ነበር። በካርቱም የተጀመረው በካርቱም አላበቃም። ፊፋ በሰር ስታንሊ ራውስ መሪነት ዘመን ለነጮቹ ፌዴሬሽን ይለሳለስ ነበር። በ1955 ዓ.ም. እገዳውን አንሥቶለት ነበር፤ በአፍሪካና በእስያ አገሮች ተቃውሞ ብዙም ሳይቆይ መልሶ ለማገድ ተገደደ።

በሰኔ 1966 ዓ.ም. በፍራንክፈርት በተደረገው የፊፋ ጉባኤ የአፍሪካ አገሮች ድምፅ ክብደቱ ታየ። እንግሊዛዊው ራውስ ተሸንፈው ብራዚላዊው ዦአዎ ሃቨላንጅ ተመረጡ። አፍሪካውያን ድምፃቸውን የሰጡት ተጨማሪ የዓለም ዋንጫ ቦታ፣ የወጣቶች ውድድርና በዘር መድልዎ ላይ ጽኑ አቋም እንዲኖር በመሻት ነበር። በሐምሌ 1968 ዓ.ም.፣ በሶዌቶ ተማሪዎች ከተገደሉ ከአንድ ወር በኋላ፣ ፊፋ በሞንትሪያል ጉባኤው ደቡብ አፍሪካን ጨርሶ አባረረ።

ይድነቃቸው ከ1963 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። በዚያም መድረክ ተመሳሳይ አቋም ይዘው ቆይተዋል። በአገር ቤት ዘውዳዊው ሥርዓት ወድቆ ደርግ ሲተካ፣ በውጭ ደግሞ የምሥራቅና የምዕራብ ጎራ ሲፋጠጥ እርሳቸው የቆሙበት ነጥብ አልተቀየረም፤ ሕግ ለሁሉም እኩል ይሁን የሚለው ነው።

የዘር እህሉ እንዳይሸጥ

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ይድነቃቸውን ያሳሰባቸው ሌላ ነገር ነበር። የአፍሪካ ምርጥ ተጫዋቾች አንድ በአንድ ወደ አውሮፓ መሄድ ጀመሩ። ተጫዋቹ የተሻለ ኑሮ መፈለጉ አይነቀፍም። ችግሩ የአገር ቤቱ ሜዳ ባዶ መቅረቱ ነው። በክፉ ቀን የዘር እህሉን የሸጠ ገበሬ ዝናብ ሲመጣ የሚበትነው እንደማይኖረው ሁሉ፣ ምርጦቹን ሁሉ ለሌላ የሰጠ አህጉርም በገዛ ሜዳው የሚያየው እንደማይኖር ፈሩ። የመጠጥና የትምባሆ ማስታወቂያ ወደ አፍሪካ ውድድሮች እንዳይገባም ይቃወሙ ነበር። ገንዘቡ የሚያስፈልግ ቢሆንም ወጣቱን በሚጎዳ ገንዘብ የወጣቱን ጨዋታ ማሳደግ ለእርሳቸው የሚዋጥ አልነበረም።

በሁለቱም ጉዳይ ዘመኑ ከእርሳቸው ጋር አልተጓዘም። የተጫዋቾቹ ፍልሰት በዛ፤ ገንዘቡም በረታ። ዛሬ የአፍሪካ ልጆች የአህጉራቸውን ኮከቦች የሚያዩት ለአውሮፓ ክለቦች ሲጫወቱ በቴሌቪዥን መስኮት ነው። ስለዚህ የይድነቃቸው ሕይወት የድል ብቻ መዝገብ አይደለም፤ ያልተቋጨ ሙግትም አለበት።

ለዋግ ልጆች የሚቀረው

ይድነቃቸው በሕመም ከዚህ ዓለም ሲለዩ ኔልሰን ማንዴላ ገና እስር ቤት ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ወደ እግር ኳሱ ቤተሰብ የተመለሰችው በ1984 ዓ.ም. ነው። በ1988 ዓ.ም. ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን ይዛ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣች። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ዋንጫን በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ አስተናገደች። በካርቱም የተዘራው ዘር ለመሰብሰብ ከ50 ዓመት በላይ ፈጀ፤ ከዘሪዎቹ አንዱ የነበሩት ይድነቃቸው ግን አዝመራውን አላዩም።

ኢትዮጵያ ራሷ ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ እስከ 2005 ዓ.ም. 31 ዓመታት ጠብቃለች። የመሥራቿ አገር ሜዳ ለምን እንደደረቀ መጠየቅ የሁላችንም ድርሻ ነው። መልሱ ከፊሉ በአዲስ አበባ ቢሮዎች ሊገኝ ይችላል፤ ከፊሉ ግን በየቀበሌው ነው። የወል መሬት ሲከፋፈል ለልጆች መጫወቻ የሚተርፍ ሜዳ አለ ወይ? በዋግ ትምህርት ቤቶች በኽምጣና የሚማረው ሕፃን የጨዋታውን ሕግ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያነብበት ቀን ይመጣል ወይ? ይድነቃቸው ከ80 ዓመት በፊት የጀመሩት በዚህ ነበር፤ ሕጉን ሰው በሚገባው ቋንቋ በማስጨበጥ።

ቡሄ በመጣ ቁጥር፣ ሻደይም በደረሰ ጊዜ፣ የሰቆጣ አደባባዮች በወጣቶች ይሞላሉ። ከነዚያ ወጣቶች መካከል የጨርቅ ኳስ የሚያባርሩ ብዙ ናቸው። ከአውሮፓ አሠልጣኞች ስም ጎን ነሐሴ 13 ቀን ያረፉትን የኚህን ኢትዮጵያዊ ስም ቢጨምሩበት፣ ከስማቸውም ጋር የድርሻን ነገር ቢማሩ፣ ታላላቆቻቸው ያተረፉላቸው ቅርስ ይሆናል።